ጠማማውን አትለኩት፣ ቅዱት፦ ኮምፓስ፣ ባለጥርስ መቅጃ ወይስ የጀልባ ሠሪ ዘንግ?

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው ምክር ቀጥ ያለ ግድግዳ ለደረሰው ሰው ነው። ጭቃ ተመርጎ፣ በላዩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለስኖ፣ በየበዓሉ ኖራ ሲቀባ የኖረ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ የገጠመ አናጺ ግን አሥር ጊዜ ቢለካ አሥር የተለያየ ቁጥር እንደሚያገኝ ያውቃል። እኔም የመጀመሪያውን የዋንዛ መደርደሪያዬን የቆረጥኩት በየ10 ሴንቲሜትሩ በሜትር ለክቼ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ወደ ጣውላው አዛውሬ ነበር። መሃሉ ግድግዳውን ሲነካ ግራና ቀኙ ጣት ያስገባ ነበር። ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ ደፈንኩት። የቤቱ እመቤት ምንም አላሉኝም፤ በሳምንቱ ስመለስ ግን የደፈንኩት ቦታ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ደርድረውበት አገኘሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠማማ ነገር አልለካም፤ እቀዳለሁ። ቁጥር ሲነበብ ጥቂት ይሳሳታል፣ ሲጻፍ ይሳሳታል፣ ሲዛወር ይሳሳታል፤ በሁለት ልኬቶች መካከል ተደብቆ ስላለው ጉብታ ደግሞ ጭራሽ የሚናገረው የለም። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው መሣሪያዎች አንዳቸውም ቁጥር አይጠይቁም። የትኛውን እንደምትመርጡ የሚወስነው በዋናነት አንድ ጥያቄ ነው፦ ጣውላው ከሚገጠምበት ቦታ ፊት ለፊት ተጠግቶ መቆም ይችላል?

ከቻለ ኮምፓስ፣ ያ ክብ መሳያው ባለሁለት እግር፣ ይበቃል። ጣውላውን ወደ ግድግዳው ታስጠጋላችሁ፣ በውሃ ልክ ታስተካክላላችሁ፣ እንዳይነቃነቅ ታስሩታላችሁ። ክፍተቱ ከሁሉ የሚሰፋበትን ቦታ ፈልጋችሁ ኮምፓሱን ከዚያ ትንሽ አስፍታችሁ ትከፍቱታላችሁ። ከዚያ ሹሉ እግር ግድግዳውን እየዳሰሰ ሲሄድ እርሳሱ የግድግዳውን ጉብታና ስርጉድ አንድ በአንድ ጣውላው ላይ ይጽፈዋል። ጀማሪን የሚያሳስተው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ግድግዳው ሲታጠፍ እጅም አብሮ መታጠፍ ይፈልጋል። መታጠፍ የለበትም። ሁለቱን እግሮች የሚያገናኘው መስመር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጣውላው ወደ ግድግዳው በሚገፋበት አቅጣጫ መቆየት አለበት። 5 ሴንቲሜትር የተከፈተ ኮምፓስ 45 ዲግሪ ከዞረ በዚያ አቅጣጫ የሚይዘው ርቀት 3.5 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ መስመሩ ዋንዛችሁ ላይ ያለቦታው ይወድቃል። በዚሁ ምክንያት በኮምፓስ ፋንታ የብሎን ቀለበት ግድግዳው ላይ እያንከባለሉ በመሃሉ እርሳስ ከትቶ መሳልን ለሻካራ ልስን ካልሆነ አልመክረውም። ቀለበቱ ጠባብ ስርጉድ ውስጥ አይገባም፤ ሹል ማዕዘኑንም ያድበለብለዋል።

ስትቆርጡ መጋዙን ወደ ውስጥ ጥቂት አዘንብሉት። ግድግዳውን የሚነካው የላይኛው ጠርዝ ብቻ እንዲሆን ነው፤ የቀረውን በሞረድ ወይም በመላጊያ ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ይሆናል። ጣውላው ጠቆር ያለ ከሆነ በጠርዙ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ በእሱ ላይ ሳሉ፤ መስመሩ ጎልቶ ይታያል።

ባለጥርሱ መቅጃ፣ ሻጮች «ኮንቱር ጌጅ» የሚሉት፣ አሁን አሁን የሁሉንም ዓይን የሚስበው ነው። ማበጠሪያ ይመስላል፤ ጥርሶቹ ነገሩ ላይ ሲጫኑ ወደ ኋላ እየሸሹ ቅርጹን ይይዛሉ። የበር ጉበን ጌጥ፣ የውሃ ቧንቧ፣ የአሮጌ ወንበር እግር ቅርጽ በአንድ ጊዜ ይቀዳል፤ ለሴራሚክና ለወለል ሠራተኛ በእርግጥ ዋጋ ያለው መሣሪያ ነው። የማስታወቂያ ቪዲዮዎቹ ሁልጊዜ ቧንቧና የበር ጉበን የሚያሳዩት ግን ያለምክንያት አይደለም። የተለመደው የፕላስቲኩ ስፋት 12 ወይም 25 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ጥርሶቹም ከጥቂት ሴንቲሜትር በላይ አይገቡም። 3 ሜትር ግድግዳ በባለ 25 ሴንቲሜትር መቅጃ ለመቅዳት ከ12 ጊዜ በላይ እያነሡ መጣል ያስፈልጋል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ትንሽ ከዞረ ስህተቱ ቀጥሎ ባለው ላይ ይደመራል። እኔ ከአንድ ክንድ በላይ ለሆነ ነገር አላነሣውም።

ፕላስቲክ ወይስ ብረት? ብረቱ ጥርሱ ቀጭን ስለሆነ ትንንሽ ጌጦችን በተሻለ ጥራት ይይዛል፤ ነገር ግን ቀለም የተቀባውን ይጭራል፣ እርጥበት ካገኘው ይዝጋል፣ አንድ ጥርስ ከተጣመመ ጎረቤቶቹንም ያስቸግራል። የፕላስቲኩ መስመር ሲቀርቡት እንደ ደረጃ የተሰነጣጠቀ ነው፤ በእርሳስ ማለስለስ ይጠይቃል። የትኛውንም ብትገዙ መቆለፊያ ያለውን ግዙ። መቆለፊያ የሌለው ገና ከግድግዳው ሲነሣ ቅርጹን ይረሳል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ሦስቱም በኩል ግድግዳ የሆነ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ እንበል፤ መደርደሪያው ልክ ሆኖ እስካልተቆረጠ ድረስ አይገባም፣ ስለዚህ ኮምፓስ የሚሄድበት ጣውላ የለም። የእንጨት ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ይህ የየዕለት ችግራቸው ነው። የጀልባው ሆድ ከላይ ወደ ታችም ከፊት ወደ ኋላም ስለሚጎብጥ፣ በውስጡ የሚቆመው መከፋፈያ ሳንቃ አንድም ቀጥ ያለ ጠርዝ አይኖረውም። (የጣና ታንኳ ደንገል ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ተርፏል።) መፍትሔያቸው ከቁርጥራጭ እንጨት የሚሠራ ዘንግ ነው። ርዝመቱ እንደቦታው ይወሰናል፤ አንደኛው ጫፉ ይሾላል፣ በአንደኛው ጎኑ ላይ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ሦስት አራት ጥርሶች ይፈለፈላሉ።

ጎድጓዳው መሃል ላይ አንድ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ወይም ጠንካራ ካርቶን እንዳይነቃነቅ ታስሩበታላችሁ። የዘንጉን ሹል ጫፍ ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ ታስነኩታላችሁ፤ ዘንጉ ካርቶኑ ላይ ተኝቶ ሳለ በጥርሶቹ በኩል ባለው ጎኑ እርሳስ ታስኬዳላችሁ፣ «1» ትላላችሁ። ቀጣዩን ነጥብ «2»። ማዕዘን ላይ ነጥቦቹን አቀራርቡ፣ ገላጣ ቦታ ላይ አራርቁ። ሃያ ሠላሳ መስመር ሲሞላ ካርቶኑ ሕፃን የተጫወተበት ይመስላል። አውጥታችሁ ዋንዛው ላይ አኑሩት፣ ዘንጉን በየመስመሩ መልሳችሁ አስተኙት፤ ጥርሶቹ ስለማይመሳሰሉ ከአንድ ቦታ በቀር አይገጥምም። ጫፉ ያረፈበት ሁሉ የግድግዳው ነጥብ ነው። ነጥቦቹን በቀጭን ተጣጣፊ ልጥ አገናኙ፣ ቁረጡ።

አንዱ ነጥብ ቢሳሳት ሌላውን አያበላሽም፤ ከባለጥርሱ መቅጃ የሚበልጥበት ዋናው ነገር ይህ ነው። ጉድለቱ ጊዜ መውሰዱ ነው፤ ካርቶኑ በመሃል ከተነቃነቀም ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል። የካርቶኑን ፊት «ላይ» ብላችሁ መጻፍ አትርሱ፤ ገልብጣችሁ ካስቀመጣችሁት መስታወት ውስጥ እንደሚታየው ቀኝና ግራው የተለዋወጠ መደርደሪያ ትቆርጣላችሁ። እኔ አንድ አለኝ፤ ወርክሾፕ ውስጥ የቀለም ጣሳ ይሸከማል።

የጥንት ዘዴ ለሚወድ፣ አርስቶትል የሌዝቦስ ደሴት ግንበኞች ከእርሳስ የተሠራ ማስመሪያ ይጠቀሙ እንደነበር ጠቅሷል፤ መጻፊያውን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው። ድንጋዩ ቀጥ እስኪል ከመጠበቅ ማስመሪያው እንደ ድንጋዩ ይታጠፍ ነበር። ዛሬ የንድፍ ዕቃ መሸጫዎች የሚያቀርቡት ተጣጣፊ ማስመሪያ የዚያ ዘር ነው። ለለዘብተኛ ጉብታ ይሆናል፤ ማዕዘን ላይ ግን ጥቂት ስለሚመለስ አላምነውም።

ያው ቅርጽ ስድስት ጊዜ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ ስድስት የወንበር መደገፊያ፣ ጥያቄው ይቀየራል። አንዱን በጥንቃቄ ከኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ ከሚሠራው ሰሌዳ) አውጥታችሁ የቀሩትን ኩሽኔታ ባለው የራውተር (በሚሽከረከር ምላጭ እንጨት የሚቀርጸው ማሽን) ምላጭ ዙሪያውን እየተከተላችሁ ቅዱ። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ምላጭ ከ6 ሚሊሜትር ራዲየስ የጠበበ የውስጥ ማዕዘን አይገባም፤ የቀረውን በመሮ ታወጣላችሁ። ራውተር የሌለው ሰው ለዚህ ሲል ብቻ እንዲገዛ አልመክርም።

እንግዲህ ገንዘባችሁ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ከበቃ ጥሩ ኮምፓስ ግዙ፣ ዘንጉን ራሳችሁ ሥሩ። ባለጥርሱን የሴራሚክና የበር ጉበን ሥራ ሲበዛ አምጡት። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ስትሄዱ ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ፈትኑ፦ ኮምፓሱን 5 ሴንቲሜትር ከፍታችሁ በብሎኑ አጥብቁና ሁለቱን እግሮች በጣታችሁ ጨምቁ፤ ከተንቀሳቀሰ መልሱት፤ የተማሪው ኮምፓስ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ባለጥርሱን ደግሞ የተጨበጠ እጃችሁ መጋጠሚያዎች ላይ ተጭናችሁ ቆልፉትና ገልብጣችሁ አራግፉት። አንድ ጥርስ እንኳ ከወረደ ሌላ እንዲያወጣላችሁ ሻጩን ጠይቁ።