ተራራ መውጣት ሊያሠለጥኗችሁ ቀብድ ሲጠይቋችሁ መጀመሪያ ገመዱን እዩ

ማስታወቂያው ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ አካባቢ እንደገና ተለጥፎ አየሁት። ያው በረዶ የለበሰ ሹል ተራራ፣ ያው ቀይ ጃኬት ያጠለቀ ሰው፣ ያው «በ8 ቀን ዓለም አቀፍ የተራራ መውጣት ሰርተፊኬት» የሚል ጽሑፍ። የተለወጠው ዋጋው ብቻ ነው፤ ጨምሯል። እኔ ባለፈው ዙር 42,000 ብር ከፍዬ ሠልጥኛለሁ። ይዤው የወጣሁት የተላጠ መዳፍና አንድ ክንድ የማይሞላ የገመድ ቁራጭ ነው። ጉዳዩ በአቤቱታ ላይ ስለሆነ የድርጅቱን ስም አልጽፍም። የምነግራችሁን ምልክቶች ይዛችሁ ብትሄዱ ግን እናንተው ትለዩታላችሁ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። የምሠራው ኮምቦልቻ፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው። እንጀራዬ ክር ማየት ነው፦ በምን ያህል ኃይል እንደሚበጠስ፣ ምን ያህል እንደሚለጠጥ፣ ከምን እንደተሠራ። ይህን የማውቅ ሰው፣ ቢሯቸው ጠረጴዛ ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ሰማያዊ ገመድ አንስቼ እንኳን ሳላይ 21,000 ብር ቀብድ ቆጥሬ ሰጠሁ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚባለው በእኔ ላይ ቃል በቃል ደረሰ። ገደሉም አዝዋ ገደል ነበር።

ሣሩ ደግሞ ለምለም ነበር። ሥልጠናውን የጨረሰ ኪሊማንጃሮ ላይ በመሪነት ይቀጠራል፣ አውሮፓ መሄድ ለሚፈልግም ሰርተፊኬቱ ለቪዛ ይረዳዋል አሉን። 16 ነበርን። አብዛኞቹ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ናቸው፤ አንደኛው የእናቱን ወርቅ አስይዞ ነው የመጣው። እኔ ሥራ አለኝ፤ ቪዛም አልፈለግሁም። ልጅ ሆኜ ደሴ አያቴ ቤት ስከርም በጠዋት በሩን ስከፍት የማየው የጦሳን ተራራ ነበር። አንድ ቀን ተራራ መውጣትን እንደ ሙያ በወጉ እማራለሁ የሚል ምኞት ከዚያ ጀምሮ ነበረብኝ። ምኞት ያለበት ሰው ደረሰኝ አይጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ገንዘቡን ያስገባሁት በግለሰብ ስም በተከፈተ ሂሳብ ነው። ግድግዳው ላይ በመስታወት ተሰቅሎ የነበረውን የንግድ ፈቃድ ቀረብ ብዬ ያነበብኩት ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው፦ የጽሕፈት መሣሪያ ችርቻሮ ይላል።

የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ሥዕል አየን። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ተራራ አሠልጣኙ «ከዚህ በፊት የወጣሁት» እያለ አሳየን፤ ስሙን ሲጠየቅ ግን ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ። ኋላ ስፈልግ ማተርሆርን ሆኖ አገኘሁት፤ በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ላይ ያለ 4,478 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ። ስለ ከፍታ ሕመም ስንጠይቀው «የደሴ ልጅ ከፍታ አይነካውም» ብሎ አሳቀን። ወደ 2,500 ሜትር ላይ መኖር እንደሚረዳ እውነት ነው። ነገር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ለሁሉም የሚመከር ነው፤ ራሱን እያመመው የሚያስመልሰው ሰው የየትም ልጅ ቢሆን የበለጠ መውጣት የለበትም። እኔ ደግሞ የምኖረው ከደሴ ሥር ኮምቦልቻ ነው፤ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገትም በሚኒባስ እንጂ በእግሬ ወጥቼው አላውቅም።

በ4ኛው ቀን «የአልፓይን ክፍል» ተጀመረ። ይህ ትምህርት በትውልድ ቦታው በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ከጫማ ሥር ባለ ጥርስ ብረት አስሮ በበረዶ ግግር ላይ መራመድን፣ በገመድ ተያይዞ መጓዝን፣ ሲንሸራተቱ በበረዶ መጥረቢያ ራስን ማቆምን፣ ግግሩ ተሰንጥቆ የዋጠውን ሰው ስቦ ማውጣትን ያጠቃልላል። ይህን ለመማር የበረዶ ግግር ያስፈልጋል። በአገራችን የለም። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ቢሆንም አልፎ አልፎ የሚጥልበት በረዶ ወዲያው ይቀልጣል። በአፍሪካ ግግር የቀረው ኪሊማንጃሮ፣ የኬንያ ተራራና ርዌንዞሪ ላይ ነው፤ እሱም ከዓመት ዓመት እየመነመነ። እኛ ታዲያ ጦሳ ላይ በምን ተማርን? በዶማ። ሣሩ ላይ የፕላስቲክ ሸራ ተነጠፈ፣ ውሃ ፈሰሰበት፣ ለእያንዳንዳችን የገበሬ ዶማ ታደለን፤ በደረታችን እየተንሸራተትን ዶማውን መሬት ላይ መሰካት ጀመርን። ከብት የሚጠብቁ ሕፃናት ተሰብስበው ሲስቁ ዋሉ። እውነት ለመናገር እኔም ስቄያለሁ፤ የከፈልኩት ገንዘብ ትዝ እስኪለኝ ድረስ።

የሚያስቀው ክፍል እዚህ ላይ ያበቃል።

በማግስቱ ገመዱ ከማዳበሪያ ውስጥ ወጣ። አንድ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ በአጠገባችን ሲያልፉ ቆም ብለው አዩት። በጣታቸው ዳሰሱትና «ልጄ፣ ይህ እኮ የጭነት ገመድ ነው። እኛም ይኸው ለእህል እናስርበታለን» አሉኝ። አሠልጣኙ «አባባ፣ ይሂዱ፣ ሥራ ላይ ነን» አላቸው። እኔ ዝም አልኩ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ዝምታ ነው።

በ6ኛው ቀን አዝዋ ገደል ዳር፣ ቁመቱ ሁለት ሰው የሚያህል አለት ጋ ሄድን። ገመዱ ከላይ ባለ ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ዞሮ ወረደ። አንዱን ጫፍ አንዲት ልጅ ወገቧ ላይ አሰረች፤ ሌላውን እኔ በባዶ እጄ ያዝኩት። ገመዱን ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ አልነበረም። የራስ መከላከያ የተባለውም የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ነው፤ የአገጭ ማሰሪያ ስለሌለው ልጅቷ ገና ሳትወጣ ሁለት ጊዜ ወድቆባታል። ግማሽ ላይ ስትደርስ እግሯ ከዳት። ገመዱ በመዳፌ ውስጥ እንደ ጋለ ብረት አለፈ፤ ለመያዝ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ቁርጭምጭሚቷ ላይ አረፈች። አለቱ አጭር መሆኑ አዳናት እንጂ ያተረፋት ገመዱም እኔም አይደለንም። አሠልጣኙ መዳፌን አይቶ የተናገረውን አልረሳውም፦ «ጓንት ይዘሽ መምጣት ነበረብሽ፣ እህቴ።»

ገመዱ ሲጠቀለል ከግንዱ ጋር የተፋተገበትን ቦታ አየሁት። ክሮቹ ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ያብረቀርቃል። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ የተከፈተው። ጫፉን በምላጭ ቆርጬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ክሩን ፈታሁት፤ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ አየሩ እስኪወጣ ጨምቄ ለቀቅሁት። ተንሳፈፈ። ናይለን ከውሃ ስለሚከብድ ይሰጥማል፤ የሚንሳፈፈው ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ የማዳበሪያ ከረጢት የሚሠራበት። አንዱን ክር በክብሪት ለኮስኩት፤ የሻማ ሽታ ሸተተኝ። ፖሊፕሮፒሊን 165 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ናይለን ግን ከ200 ዲግሪ በላይ ይችላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ድሩ ከምን እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ቁራጩን ለአሠልጣኙ ሳሳየው «አንቺ ክር ቆጣሪ ነሽ ወይስ ተራራ ወጪ?» አለኝ። ክር ቆጣሪ ነኝ። ስለዚህ ስለ ገመድ ትንሽ ልንገራችሁ።

ለመውጣት የሚያገለግል ገመድ ውስጡ ብዙ የናይለን ክር፣ ውጭው ደግሞ የተሸረበ ልባስ ነው። ዋና ሥራው አለመበጠስ ብቻ አይደለም፤ መለጠጥም ነው። ሰው ሲወድቅ ገመዱ ተስቦ የውድቀቱን ኃይል ይቀበልለታል፤ የአውሮፓው መለኪያ በመጀመሪያው የፍተሻ ውድቀት እስከ 40 በመቶ እንዲለጠጥ ይፈቅዳል። የማይለጠጥ ገመድ ባይበጠስ እንኳ ድንጋጤውን በሙሉ ለአከርካሪ ያስተላልፋል። የመለኪያው ቁጥር 892 ነው፤ በገመዱ ጫፍ ላይ በተጠቀለለው ምልክት ላይ ይጻፋል፤ ለብቻው የሚያገለግል ገመድ ከሆነ በክብ ውስጥ 1 ቁጥር አለበት። 1891 የሚል ካያችሁ ደግሞ ብዙ የማይለጠጥ ነው፤ ለመውረጃና ለነፍስ አድን ሥራ ጥሩ ነው እንጂ ወድቀው የሚያርፉበት አይደለም። ጫፉ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ገመድ ካመጡላችሁ ቀብዳችሁን ይዛችሁ ተነሡ። ገመዱን ከሰው ጋር የሚያያይዘው የብረት መቆለፊያ መንጠቆም ጀርባው ላይ የሚሸከመው ኃይል በኪሎ ኒውተን ተቀርጾበታል፤ 22 የሚል ከሆነ 2,200 ኪሎ ግራም ገደማ ማለት ነው። የእኛዎቹ ላይ የተቀረጸ ነገር አልነበረም።

ወንድሜ ደብረ ዳሞ ወጥቷል፤ እኔ ሴት ስለሆንኩ አልወጣም። ይህን ታሪክ ስነግረው የጠየቀኝ «ሁለተኛው ገመድስ?» ብሎ ነው። እዚያ አንዱን የጠፍር ገመድ በእጅ ይይዙታል፣ ሌላው ወገብ ላይ ታስሮ ከላይ ያለው ሰው ይስበዋል። መነኮሳቱ ሰርተፊኬት አይሰጡም፤ ሁለተኛውን ገመድ ግን አይረሱም።

ስለ ሰርተፊኬቱ ባጭሩ፦ የዓለም አቀፍ የተራራ መሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተ ነው። የእርሱን መታወቂያ የሚይዝ ሰው አባል በሆነ የአገር ማኅበር በኩል በአለት፣ በበረዶና በበረዶ መንሸራተቻ ጭምር ተፈትኖ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። በ8 ቀን የሚሰጥ ወረቀት የዚህ ወንድም ሊሆን አይችልም። የእኛ አሠልጣኝ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ባጅ ቁጥርም የሰጪው ስምም አልነበረበትም። ደግሞም 16 ሰው በአንድ አሠልጣኝ! አልፕስ ውስጥ ባለው ሞንብላን ተራራ ላይ አንድ መሪ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚወጣው ሁለት ደንበኛ ነው።

ከፍታ ብቻ ለናፈቃችሁ ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልጋችሁም። ራስ ዳሸን ያለ ገመድ በእግር ይወጣል፤ ስሜን ፓርክ ስትገቡ የፓርኩን ጠባቂ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ላሊበላ አጠገብ ያለው አቡነ ዮሴፍም ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። አለት በገመድ መውጣት ከፈለጋችሁ ግን አሠልጣኙ መሣሪያውን አንድ በአንድ በእጃችሁ እስክትይዙት ይታገሣችሁ እንደሆነ እዩ። የሚያውቀው ሰው እንዲያውም ደስ ይለዋል። የእኛው ገመዱን ስነካ ነው የተቆጣው።

አሁን ያለንበት ይህ ነው። «ቀብድ አይመለስም» ብለውናል፤ ለጉዳት ተጠያቂ እንዳልሆኑ የሚል ወረቀት አስፈርመውን ነበር፣ ቅጂውን ግን ለማንኛችንም አልሰጡም። ለልጅቷ 10,000 ብር ሰጥተው ዝም እንድትል ለመኑ። እሷ ብሩን መለሰችና ከእኔ ጋር አቤቱታ አስገባች። መነሻችን የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው፤ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ አሳሳች ማስታወቂያም ክልክል እንደሆነ ይናገራል። የጎደለን የሰው ቁጥር ነው። ከ16ታችን እስካሁን የፈረምነው አምስት ነን። ባለፈው ዙር የነበራችሁ፣ ገንዘብ ያስገባችሁበትን የባንክ ወረቀትና የማስታወቂያውን ፎቶ አትጣሉ፤ ይዛችሁ ኑ። የገመዱ ቁራጭ እኔ ጋ ነው፤ ብርጭቆ ውሃም አለኝ።