«ለመዳም እንዳትነግራት» የሚላችሁን መላጫ ሻጭ ተጠንቀቁ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ ያላችሁ የድሮ መላጫ ወዳጆች፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ። አንድ ሻጭ በቴሌግራም «በንጉሥ ሚካኤል ዘመን የነበረ ሙሉ የመላጫ ዕቃ» እያለ እየቸበቸበ ነው። ሳጥኑ በቀይ ከፋይ የተለበጠ ነው። ውስጡ ምላጭ የሚገባበት የብረት መላጫ፣ ታጣፊ ምላጭ፣ ብሩሽና የሳሙና ማስቀመጫ አለ። ዋጋው 15 ሺህ ብር። ግማሹን አስቀድማችሁ በስልክ ትልካላችሁ። ቀሪውን መናኸሪያ አካባቢ ዕቃውን ስትረከቡ ትከፍላላችሁ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም።

ለእኔም ጽፎልኝ ነበር፣ አልገዛሁም። የሰፈሬ ልጅ፣ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ግን ገዝቶታል። ዕቃውን በእጄ ይዤ አገላብጬ ስላየሁት ነው የምጽፈው። እሱም «ጻፈው፣ ስሜን ብቻ እንዳታነሳ» ብሎኛል። ለምን እንደፈራ ወደ ታች ትደርሱበታላችሁ።

ይሄ ነገር ግራ ለገባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። በብሩሽ አረፋ አስነስቶ፣ በሙቅ ውሃ ጺምን አለስልሶ፣ በአንድ ምላጭ መላጨት ነው። ባለ ብዙ ምላጩ ፕላስቲክ ጺሙን ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። ጸጉሩ ጥምዝ የሆነ ሰው ላይ ያ ጸጉር ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይበቅላል። አንገታችን ላይ የሚወጣው እብጠት አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው። በአንድ ምላጭ የሚላጭ ሰው ብዙ ጊዜ ከዚያ ይገላገላል። እንግዲህ በዚህ ተጀምሮ ነው ወደ መሰብሰብ የሚኬደው። አንዴ ከገባችሁበት መውጫው ይጠፋል።

አሁን ወደ ሰውዬው። የሚሸጠው ታሪክ ነው፣ ብረቱ ምራቂ ነው። ስለዚህ ከታሪኩ እንጀምር።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ጂሌት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ መላጫ ነው። እውነተኛ ጂሌት ነው፣ ያምራል፣ እኔም ምራቄን ውጬበታለሁ። ፎቶውን ጠጋ አድርጋችሁ ስታዩት ግን አንገቱ ላይ የሚዞር ቀለበት አለው። ቀለበቱ ላይ ከ1 እስከ 9 ቁጥር ተቀርጿል። ምላጩ ምን ያህል እንዲያጸዳ የሚያስተካክሉበት ነው። ሰብሳቢዎች «ፋትቦይ» የሚሉት ይሄንኑ ነው። ጂሌት ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በዚያን ጊዜ አሜሪካ የተሠሩት ጂሌቶች ላይ ደግሞ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ይገኛል። ፊደሉ ዓመቱን ይናገራል፣ ቁጥሩ ሩብ ዓመቱን። ፎቶው ላይ የሚነበበው «ዲ 4» ነው። የ1958 የመጨረሻ ሩብ ማለት ነው። በእኛ 1951 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተማረኩት በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። እንግዲህ ከሞቱ ከአርባ ዓመት በኋላ በተሠራ መላጫ ተላጩ እያለን ነው። ደግሞስ ፎቷቸውን ያየ ሰው ያውቃል፣ ንጉሡ ጺማም ነበሩ!

ይሄን ጽፌ ስጠይቀው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሺ እንግዲህ የጣሊያን ጊዜ ይሆናል።» ጣሊያንም እኮ በ1933 ዓ.ም. ተባሯል። ሰውዬው ከዋጋው ላይ አልቀንስም ብሎኝ ከዘመኑ ላይ ቅናሽ አደረገልኝ።

ወሎ ተወልዶ በዚህ የሚሸወድ ሰው ይገርመኛል። ባቲ ሰኞ ገበያ የወጣ ሁሉ ጠገራ ብር አይቷል። ሁሉም ላይ 1780 የሚል ተቀርጿል። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ዳግመኛ በተመታ ቁጥር ያችኑ 1780ን ነው የሚያትሙባት። ብረት ላይ የተቀረጸ ዓመት እንኳ እንዲህ ካደናገረ፣ ሻጭ በአፉ የሚናገረው ዓመት ምን ሊሆን ነው?

ወዳጄ የተረከበው ደግሞ ፎቶው ላይ ያለውንም አይደለም። በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ እኔ ቤት ይዞት መጣ። የራሱ ቤት ሊያስገባው አልደፈረም። ባለቤቴ ቡና እየቆላች ነበር።

ስለ ባለቤቴ ትንሽ ልበል፣ ነገሩ ያለሷ አይሟላም። መደርደሪያዬን ባየች ቁጥር «ፊትህ አንድ፣ መላጫህ መንጋ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ቡፌው ውስጥ ከሠርጋችን ጀምሮ ማንም ያልጠጣባቸውን ስኒዎች አነሳባታለሁ። «ስኒ ለእንግዳ ነው» ትላለች፣ «አንተ መላጫህን ለየትኛው እንግዳ ልታቀርብ ነው?» ለዚህ እስካሁን መልስ የለኝም። በኋላ ግን ተስማማን። አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። ከመክፈሌ በፊት ደግሞ ታየዋለች። ይሄ ሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ከንክኖኝ ነበር። አሁን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። እኔ ዕቃ ሳይ ልቤ ይሸፍታል። እሷ ደግሞ ለመላጫ ፍቅር የላትም፣ ስለዚህ የምታየው ያለውን ነው።

ምጣዱን አውርዳ መላጫውን አነሳችው። «ቀለለኝ» አለች። በሌላ እጇ የእኔን እንግሊዝ አገር የተሠራ ጂሌት ያዘች። የእኔ ከነሐስ የተሠራ ነው፣ ላዩ ኒኬል ተቀብቷል። እጀታው ላይ ቅቡ በተላጠበት ቦታ ቢጫ ሆኖ ይታያል። የወዳጄን መላጫ ጭንቅላት ፈታ አድርጋ የብሎኑን ጥርስ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ቅቡ ነፋ ነፋ ብሏል። በጥፍሯ ስትጭረው ከሥሩ ግራጫ ብረት ወጣ፣ ጣቷ ላይ ነጣ ያለ ዱቄት ቀረ። ዚንክ ነው። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የተፈሰሰ ርካሽ ብረት። ቅቡ አንዴ ከተሰነጠቀ ውሃ ይገባውና ከውስጥ ይበላዋል፣ አንድ ቀን ስታጠብቁት ጥርሱ ላይ ቀንጠስ ይላል። ነሐስ ግን ቢቆይ አረንጓዴ ዝገት ነው የሚያወጣው፣ እሱም ይጸዳል።

ሻጩ «ማግኔት አስጠጉበት፣ ካልያዘ ነሐስ ነው» ይላል። እንዳትሰሙት። ማግኔት ዚንክንም አይዝም።

ቀጥሎ ብሩሹ። ሻጩ «ባጀር» ከሚባለው የፈረንጅ አውሬ ጸጉር የተሠራ ነው ብሎታል። የባጀር ጸጉር ጫፉ ነጣ ያለ፣ መሐሉ ጠቆር ያለ ነው። ይሄም ሲያዩት እንደዚያው ነው። ባለቤቴ ለብ ያለ ውሃ ስኒ ውስጥ ቀድታ ነከረችው። ውሃው ጠቆረ። «ኧረ! ብሩሹ ተኩሏል እንዴ?» አለች። ወዳጄም በዚያ ሁሉ ንዴቱ መሐል ሳቀ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ቀለሙ ሲለቅ የቀረው ሻካራ፣ ድርቅ ያለ፣ ጫፉ ሁለት ሦስት ቦታ የተሰነጠቀ ጸጉር ነው። እንዲህ ያለው የአሳማ ጸጉር ነው። ወዳጄ ሙስሊም ነው። ፊቱ ክው አለ። «ወላሂ እታለሜ፣ ትናንት ፊቴን ያሸሁት በዚህ ነው» አላት። ክርስቲያኖቹም ብንሆን እዚህ አገር ይሄን የሚወድ የለም። የአሳማ ጸጉር ብሩሽ በውጭ አገር በስሙ የሚሸጥ የታወቀ ዕቃ ነው፣ ፈልጎ የሚገዛውም አለ። ስሙን ደብቆ፣ ቀለም ቀብቶ ለማይፈልገው ሰው መሸጥ ግን ዓይን ያወጣ ማታለል ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጣጣ ሰው ሠራሽ ብሩሽ ይሻላል። ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ይቀላል። ከተጠራጠራችሁ አንድ ዘለላ ነቅላችሁ ክብሪት ለኩሱበት። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል። የእንስሳው ጸጉር ጸጉር ይሸታል።

ታጣፊው ምላጭ ላይ «ሶሊንገን» የሚል በፈረንጅ ፊደል ተጽፎበታል። ሶሊንገን በስለት ሥራ ስሟ የገነነ የጀርመን ከተማ ናት። ስሟ ከ1938 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ እዚያ ያልተሠራ ስለት ላይ መጻፍ አይቻልም። ይሄኛው ላይ ግን ጽሑፉ ላይ ላዩን ተፍቋል፣ አንድ ፊደልም ይጎድለዋል። የክንድ ጸጉር እንኳ አይቆርጥም። ፎርጅድ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

እና ወዳጄ ለምን ቶሎ አልጮኸም? ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ሻጩ የጻፈለትን መልእክት አሳይቶኛል። «ወንድሜ፣ ለመዳም እንዳትነግራት። ቤት አልልክም፣ መናኸሪያ እንገናኝ። ደረሰኝ ካለ ቤት ውስጥ ጣጣ ነው።» ወዳጄ ይሄን እንደ አሳቢነት ቆጥሮለታል። እኔ ግን ለራሴ የጻፈልኝን ሳወጣው ቃል በቃል ያው ነው። ለሁላችንም የሚልከው አንድ ጽሑፍ ነው።

አስቡት። ወዳጄ ለባለቤቱ «አሮጌ መላጫ በ800 ብር ገዛሁ» ብሏታል። አሁን ፖሊስ ጋ ቢሄድ፣ ንግድ መምሪያ ቢያመለክት፣ 15 ሺዋ ትወጣለች። ስለዚህ ዝም ይላል። ሻጩ ይሄን አሳምሮ ያውቃል። እኛ ሰብሳቢዎች ያለብን አመል ነው። ዕቃውን ቢሮ መሳቢያ ውስጥ እንከታለን፣ «ስጦታ ነው» እንላለን፣ ዋጋውን ዜሮ እንቀንስለታለን። ሰውዬው የሚነግደው በመላጫ ሳይሆን በዚህ ዝምታ ነው። የበላው ሰው እንደማይከሰው ዋስትና የሰጠው ራሱ ተበዪው ነው። ስለዚህ ማንም ሻጭ ስለ ሚስታችሁ ሳትጠይቁት ማውራት ከጀመረ እዚያው ጋ ዝጉት። ዕቃውን ማየትም አያስፈልግ።

መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ ቅድሚያ ክፍያ የሚባል አይኑር። የዛሬ ቀን የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ከዕቃው ጋር አብሮ የገባበት ፎቶ ጠይቁ። ከሌላ ቦታ ፎቶ ያነሳ ሰው ይሄን ማምጣት አይችልም። ጭንቅላቱ ተፈትቶ ጥርሱ የሚታይበት ቪዲዮ ይላክላችሁ። ስትገናኙ በቀን፣ ካፌ ውስጥ ይሁን። «የንጉሥ ዕቃ ነው» ካላችሁ ደግሞ የበለጠ ሽሹ፤ እውነት ቢሆን ኖሮ ቅርስ ነው፣ በፌስታል አይዞርም። ያገለገለ ታጣፊ ምላጭ ስትገዙ በደንብ ሳይጸዳ ፊታችሁ ጋ እንዳይደርስ። በደም የሚተላለፍ በሽታ ቀልድ አያውቅም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የውሸት ነገር ተናግሮ ሰውን አሳስቶ ጥቅም ማግኘት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስጠይቃል። «ደረሰኝ የለኝም፣ ምን አቤት እላለሁ» አትበሉ። መልእክቶቹና ገንዘብ የላካችሁበት ማረጋገጫ ስልካችሁ ውስጥ አለ።

ወዳጄ በመጨረሻ ለባለቤቱ ነገራት። እንደፈራው አልሆነም ልል ነበር፣ ግን ሆኗል፣ ለጥቂት ቀን ቤቱ ውስጥ በረዶ ነበር። ከዚያ ግን «ስልኩን አምጣ» አለችው። ደወለች። ሻጩ አነሳ። «አቤት፣ ማን ልበል?»

«መዳሟ ነኝ።»

ዘጋባት። ብሩ እስካሁን አልተመለሰም። ሁለቱም አብረው ሄደው አቤቱታውን ንግድ መምሪያ አስገብተዋል፣ ፖሊስ ጋም ቃላቸውን ሰጥተዋል። ሰውዬው የቻናሉን ስም ቀይሯል፣ ፎቶው ግን ያው ነው። አሁን ደግሞ ሥሩ «ከመቅደላ የተረፈ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን» ብሎ ጽፎበታል፣ ዋጋውም 18 ሺህ ገብቷል።

ከእሱ የገዛችሁ ካላችሁ የተጻጻፋችሁትን እንዳታጠፉ። ሻጩ ሊያጠፋው ስለሚችል ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሱት፣ ብር የላካችሁበትንም አንድ ላይ ያዙ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የወዳጄን አቤቱታ ከያዘው ባለሙያ ጋር አገናኛችኋለሁ። ባለትዳሮች ከሆናችሁ ሁለታችሁም ኑ።