መገናኛ አካባቢ ያለ የጥርስ ክሊኒክ፦ ምላሴን ስባ ያየችኝ ሐኪም

የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። 20 ዓመት አጭሻለሁ፤ ጫትም መንገድ ላይ ተለይቶኝ አያውቅም። በምላሴ የግራ ጎን፣ ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ አንዲት ቁስል ወጣችብኝ። ሚጥሚጣ ሲነካት ታቃጥላለች እንጂ ብዙም አታመኝም ነበር። መድኃኒት ቤት መጉመጥመጫ ሰጡኝ። ጤና ጣቢያ ሐኪሙ በስልኩ መብራት ጉሮሮዬን አየና አሞክሳሲሊን ጻፈልኝ። አንድ የጥርስ ክሊኒክ ደግሞ ጥርሴን አጥበው ሸኙኝ። 6 ሳምንት እንዲህ አለፈ። ታጨሳለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

መገናኛ ያለውን ክሊኒክ የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ካርድ 300 ብር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፤ ወረፋው 2 ሰዓት አስቀምጦኛል።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ገና ወንበሩ ላይ ሳልጋደም፣ "ጋሼ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ? መጠጥስ? ጫቱን በየትኛው ጉንጭዎ ነው የሚይዙት?" አለችኝ። ጓንቷን አጥልቃ ከአንገቴ ጀመረች። ከመንጋጋዬ ሥር ከጆሮዬም በታች በጣቶቿ ዳበሰች፤ ንፍፊት እየፈለገች ነው። ከንፈሬን ገልብጣ፣ ጉንጬን በመስታወቷ ገፋ አድርጋ፣ ላንቃዬንም አየች። ከዚያ የምላሴን ጫፍ በጎዝ ይዛ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ ሳበችው። ቁስሏን በትክክል ያየ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። የአፍ ካንሰር አዘውትሮ የሚወጣው በምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ነው፤ አፍ ስለተከፈተ ብቻ እዚያ ያለው አይታይም። በመጨረሻ አንድ ጣቷን ከምላሴ ሥር፣ ሌላ እጇን ከአገጬ በታች አድርጋ ጫን ጫን አደረገች። ሁሉም 5 ደቂቃ አልፈጀም።

ከቁስሏ ትይዩ የተሰበረ መንጋጋ ጥርስ ነበረኝ፤ ስለቱን ሞረደችልኝ። "በ2 ሳምንት ካልዳነ ከቁስሉ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ለምርመራ ናሙና ይወሰዳል፣ ከዚያ በላይ አንጠብቅም" አለች። በዓይንና በጣት ብቻ ምን ይታወቃል ብዬ ጠየቅኳት። ካንሰር መሆኑን የሚያረጋግጠው ናሙና ነው፤ ናሙና የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ግን በዓይን ይለያል አለችኝ። ሕንድ አገር ኬረላ ውስጥ የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የሰው አፍ አይተው፣ ትንባሆ ወይም መጠጥ ከሚያዘወትሩት መካከል በአፍ ካንሰር የሚሞተው በ34 በመቶ መቀነሱን፣ ጥናቱም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 መታተሙን አጫወተችኝ። እኔን ለማስረዳት ጊዜዋን መስጠቷ ልቤን ነካው።

ቁስሏ በ10 ቀን ደረቀች። ጫት በምይዝበት ጉንጬ ውስጥ ግን በጎዝ ቢጠረግ የማይለቅ ነጭ ምልክት ስላገኘች ሪፈር ጻፈችልኝ። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው፤ ናሙና እዚያው አይወስዱም። ሌላ ሆስፒታል እንደገና ካርድ፣ እንደገና ወረፋ፣ ከዚያ 12 ቀን ጥበቃ። እነዚያን ቀናት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ውጤቱን በስልክ የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ሚሌ ላይ መኪናዬን ዳር አስይዤ ሰማኋት። ካንሰር አይደለም፤ በየ3 ወሩ ግን መታየት አለበት። ሲጋራውን ካቆምኩ 2 ወር ሆነኝ፣ ጫቱ ገና ነው።

የምትሄዱ ካላችሁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ዶክተሯ ከሰዓት በኋላ አትገባም።