ዳይናማት ኤክስትሪም በከባድ ቤዝ ፊት፦ የንዝረት መከላከያ ንጣፍ ግምገማ

በመኪናው ውስጥ ኃይለኛ ሰብዉፈር (ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) ለመግጠም የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው የስፒከሩን ስፋትና የአምፕሊፋየሩን ዋት ብቻ ነው። ዕቃዎቹ ተገጥመው ሥራ ሲጀምሩ ግን ከቤዙ እኩል የታርጋው መንኳኳት፣ የኋላ መደርደሪያው መንቀጥቀጥና የጣሪያው ላሜራ ማጓራት ይሰማል። ይህ ግምገማ ለዚህ ችግር ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል በስፋት የሚታወቀውን ዳይናማት ኤክስትሪም የተባለውን ንጣፍ ይመለከታል። ንጣፉን የለጠፍኩት ባለ 12 ኢንች ሁለት ሰብዉፈሮችና 1000 ዋት ቋሚ ኃይል የሚያወጣ ባለ አንድ ቻናል አምፕሊፋየር በተገጠመለት፣ የዕቃ መጫኛው ከመቀመጫው በተለየ የቤት መኪና ላይ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ ንጣፉ የተሠራለትን አንድ ሥራ እጅግ በሚያረካ ሁኔታ ይሠራል፤ አልጠቀመኝም የሚሉት ሰዎች አብዛኞቹ የጠበቁበት ያልተሠራለትን ሌላ ሥራ ነው።

የንዝረት ድምፅ ሁለት ዓይነት መሆኑን መለየት ከሁሉ ይቀድማል። አንደኛው የላሜራው የራሱ ንዝረት ነው። የበሩ፣ የጣሪያው ወይም የኋላ ኮፈኑ ቀጭን ብረት የራሱ የተፈጥሮ ድግግሞሽ (በሴኮንድ የሚወዛወዝበት ቁጥር፣ በኸርዝ የሚለካ) ስላለው፣ ቤዙ በዚያው ድግግሞሽ ሲመታው ከሌላው ጊዜ ይልቅ አብልጦ ይወዛወዛል፤ ቤዙ ከቆመ በኋላም መወዛወዙን ወዲያው አይተውም። ሁለተኛው ሁለት ነገሮች እርስ በርስ ሲነካኩ የሚፈጠረው መንኳኳት ነው፤ ፕላስቲክ ከብረት፣ ሽቦ ከበሩ የውስጥ ሽፋን፣ የላላ ክሊፕስ ከገባበት ቀዳዳ ጋር ይጋጫል። የመጀመሪያው ወፍራምና የሚያጓራ ሲሆን ሁለተኛው ቀጭንና ደረቅ ድምፅ አለው፤ ጆሮ ትንሽ ከተለማመደ ሁለቱን ለመለየት አይቸገርም። ዳይናማት የተሠራው ለመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን የሚቀንሰው ላሜራው መወዛወዙን በመቀነሱ ምክንያት፣ ያውም በተዘዋዋሪ ነው።

ንጣፉ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ከላሜራው ጋር የሚጣበቀው ጥቁር ቡቲል ጎማና በጎማው ላይ የተለጠፈው 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አሉሚኒየም። ጠቅላላ ውፍረቱ 1.7 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም በካሬ ሜትር 2.2 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አሉሚኒየሙን ለጌጥ ወይም ለሙቀት መከላከያ የተደረገ አድርገው የሚያዩት አሉ፤ ነገር ግን የሥራው ግማሽ የእርሱ ነው። ላሜራው ሲታጠፍ አሉሚኒየሙ አብሮት በቀላሉ አይለጠጥም፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጎማ ወዲያና ወዲህ ይጎተታል፣ በዚህ መጎተት ውስጥም የንዝረቱ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ውጤቱ በሚመታ ከበሮ ቆዳ ላይ መዳፍን እንደ ማሳረፍ ነው፤ ምቱ ይሰማል እንጂ ጩኸቱ አይራዘምም። አሉሚኒየሙ እንደ ወረቀት የሳሳ ወይም ጎማው በአስፋልት የተተካ ንጣፍ ሲገጥመኝ የማልመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። አስፋልት በሙቀት ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ በጣሪያና በቆመ ብረት ላይ ሲሆንም ውሎ አድሮ መላቀቅ ይጀምራል።

ላሜራውን የሚያንቀጠቅጠው በዋናነት የሰብዉፈሩ ሳጥን ከወለሉ ጋር መነካካቱ የሚመስላቸው ሰዎች ከሳጥኑ ሥር ወፍራም ጎማ በማንጠፍ ይጀምራሉ። ይህ የሚጎዳ ነገር ባይሆንም ዋናው ገፊ ኃይል የአየሩ ግፊት ነው። የድምፁ መጠን 130 ዴሲቤል ሲደርስ ግፊቱ 63 ፓስካል ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ስፋቱ 1.5 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ ሲያርፍ ግን 95 ኒውተን ያህል ኃይል ይሆናል፤ ይኸውም ወደ 10 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሸክም ጣሪያውን በሴኮንድ 40 ጊዜ ወደ ውጭ ገፍቶ 40 ጊዜ ወደ ውስጥ ይስበዋል ማለት ነው። መስታወት የሚርገበገበው፣ ስፖኪዮ ውስጥ የሚታየው ምስል የሚደበዝዘውና የኋላ ኮፈን ከመቆለፊያው ጋር የሚንኳኳው በዚህ ግፊት ነው። ይህን የተረዳ ሰው ንጣፉን ወለል ላይ ከማብዛት ይልቅ ሰፊና ድጋፍ የሌላቸውን ላሜራዎች ያስቀድማል።

በእኔ መኪና ላይ ከፍተኛውን ለውጥ ያየሁት በሦስት ቦታዎች ነው። የመጀመሪያው የኋላ ኮፈኑ የውስጥ ፊት ነው፤ በጣት ሲቆረቆር ቀድሞ እንደ ቆርቆሮ ይጮህ የነበረው አሁን አጭርና ደረቅ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ሁለተኛው ከኋላ መቀመጫው በስተኋላ ያለው መደርደሪያ ነው። በእንዲህ ዓይነት መኪና ይህ መደርደሪያ የዕቃ መጫኛውን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለይ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለውና የሰብዉፈሩን ግፊት በቀጥታ የሚቀበል በመሆኑ ከየትኛውም ክፍል ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የጨርቅ ሽፋኑን ማንሳት፣ የስፒከር ቀዳዳዎቹን ጠርዝ ማጠናከርና የሚነካኩትን ሽቦዎች ማሰር ያስፈልጋል። ሦስተኛው ጣሪያው ነው። ኮርኒሱን ማውረድ አድካሚ ሥራ ስለሆነ ብዙ ባለሙያዎች ይተዉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚክሰው ይህ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም የጣሪያው ማጓራት በቀጥታ በጭንቅላት ላይ የሚወርድ ነው። በጣሪያው ጠርዞች በኩል የሚያልፉት የመጋረጃ ኤርባጎች መዘርጊያ መንገድ ፈጽሞ እንዳይሸፈን መጠንቀቅ የግድ ነው።

ሙሉ ላሜራውን መሸፈን አስፈላጊ አይደለም። ንዝረቱን ለመስበር የላሜራውን መካከል ይዞ ከጠቅላላ ስፋቱ ሩብ ያህሉን በሚገባ ማጣበቅ አብዛኛውን ጥቅም ያስገኛል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው እያንዳንዱ ቁራጭ የሚሰጠው ጥቅም እያነሰ ይሄዳል፣ ክብደቱ ግን አያንስም። ዘጠኝ ንጣፎችን የያዘው ትልቁ ካርቶን 3.3 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን፣ በሩብ ስሌት ለኮፈኑ፣ ለመደርደሪያው፣ ለጣሪያውና ለአራቱ በሮች አጥጋቢ ነው። ሁሉንም ላሜራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልሸፈኑ ሥራው እንዳልተሠራ አድርገው የሚያስረዱ ገጣሚዎች ደንበኛውን ዕቃም ገንዘብም ያባክኑበታል።

አለጣጠፉ ከንጣፉ ጥራት ያላነሰ ዋጋ አለው። ላሜራው በአልኮል ተጠርጎ ቅባትና አቧራ ካልለቀቀ ጎማው የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን ቆሻሻውን ነው። ከዚያም በጠንካራ ሩሎ፣ የአሉሚኒየሙ ላይ ያለው የተቀረጸ ምስል እስኪደመሰስ ድረስ በኃይል መዳመጥ ያስፈልጋል። ከሥሩ አየር የቀረበት ንጣፍ በዚያ ቦታ ምንም አይሠራም፣ እርጥበትም ሊቋጥር ይችላል። የተቆረጠው አሉሚኒየም ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ያለ ጓንት መሥራት አይገባም። በሮቹ ላይ ሲሠራ ደግሞ ከታች ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ክፍት መቅረት አለባቸው፤ ከተደፈኑ በሩ ከውስጥ መዛግ ይጀምራል።

ስለ ሙቀት አምራቹ ያወጣው መረጃ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ይመስለኛል። የንዝረት ማፈኛ አቅሙ (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ንዝረቱ ቶሎ ይጠፋል) በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.417 ሲሆን በ60 ዲግሪ ወደ 0.140 ይወርዳል፤ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ደግሞ 0.081 ነው። ከዚህ የምንረዳው ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ መኪና ጣሪያ ላይ ያለው ንጣፍ ማታ ከሚሰጠው አገልግሎት ሲሶውን ብቻ ሊሰጥ እንደሚችል ነው። ከቡቲል የተሠሩ ንጣፎች ሁሉ የሚጋሩት ጠባይ ስለሆነ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ነገር ግን ሥራውን ተረክቦ የሚፈትሽ ሰው መኪናው በጋለበት ሰዓትም ማዳመጥ ይኖርበታል።

ፍተሻውን በሙዚቃ ማድረግ በቂ አይደለም፤ ሙዚቃው ራሱ መንኳኳቱን ይሸፍነዋል። የተሻለው መንገድ ከ20 እስከ 80 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ንጹሕ ድምፅ ማጫወት፣ አንድ ነገር መጮህ በጀመረበት ድግግሞሽ ላይ ማቆም፣ ከዚያም ሌላ ሰው በእጁ አንድ በአንድ እየተጫነ ምንጩን እንዲያገኝ ማድረግ ነው። እጅ ሲያርፍበት ዝም የሚለው ዕቃ ተገኘ ማለት ነው። በዚህ ፍተሻ ከንጣፉ በኋላ የቀሩልኝ ድምፆች በሙሉ ከሁለተኛው ዓይነት ነበሩ፤ መፍትሔያቸውም ሌላ ነው። ለታርጋው ከጀርባው ቀጭን ስፖንጅ፣ ለፕላስቲክ መጋጠሚያዎች የጨርቅ ቴፕ፣ ለሽቦዎች ማሰሪያና ስፖንጅ፣ ለተሰበሩ ክሊፕሶች አዲስ ክሊፕስ፣ ለኋላ ኮፈኑ ደግሞ የመቆለፊያውንና የጎማ መደገፊያዎቹን ልክ ማስተካከል ያስፈልጋል። እነዚህ ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፤ የሚወስዱት ጊዜ ግን ከንጣፉ ይበልጣል።

ንጣፉ ቤዙ ከመኪናው ወጥቶ ጎረቤት እንዳይረብሽ ያደርጋል ብሎ የሚሸጥ ካለ አይመን። የ40 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 8.6 ሜትር ገደማ ነው፤ 1.7 ሚሊ ሜትር ጎማ ሊያግደው የሚችል ነገር አይደለም፣ መስታወቶቹም እንዳሉ ናቸው። ከውጭ የሚሰማው የላሜራ ጩኸት ግን በግልጽ ይቀንሳል፤ መኪናው አጠገብ የሚያልፍ ሰው ቆርቆሮ ሳይሆን ሙዚቃ ይሰማል።

ንዝረቱን ከምንጩ መቀነስም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ሳጥኔ 32 ኸርዝ ላይ የተቃኘ የአየር መውጫ ያለው ሲሆን፣ ከዚያ በታች የስፒከሩ ኮን የአየር ድጋፍ አጥቶ ከልክ በላይ ስለሚዘል፣ በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለው የዝቅተኛ ድምፅ ማጣሪያ (ከተመረጠው ድግግሞሽ በታች ያለውን ድምፅ የሚያስቀረው) ከዚህ ድግግሞሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ መስተካከል አለበት። ይህ ማጣሪያ ሥራ ላይ ካልዋለ ጆሮ የማይሰማው ነገር ግን ላሜራውን የሚያንገላታ ንቅናቄ ይበዛል። የጌይን መቆጣጠሪያውም (አምፕሊፋየሩ የሚቀበለውን ምልክት ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነው) በጆሮ ግምት ሳይሆን በመለኪያ ሊስተካከል ይገባል፤ 1000 ዋት በ1 ኦም የስፒከር ተቃውሞ ላይ የሚገኘው ውጤቱ 31.6 ቮልት ሲሆን ነው፣ ከዚያ አልፎ ጫፉ የተቆረጠ የድምፅ ሞገድ የስፒከሩን የሽቦ ጥቅል ያቃጥላል። ስለ ኤሌክትሪኩ በአጭሩ፣ 80 በመቶ ብቃት ያለው አምፕሊፋየር ይህን ኃይል ለማውጣት በ13.8 ቮልት 90 አምፔር ገደማ ይስባል። ስለዚህ እውነተኛ የመዳብ ወፍራም ኬብል፣ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ የተቀመጠ ፊውዝና ሸክሙን የሚችል ዲናሞ ግዴታ ናቸው። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ኬብል በተመሳሳይ ውፍረት ይህን አይሸከምም።

ሳጥኑ በብሎንና በጠንካራ ማሰሪያ ከመኪናው አካል ጋር መታሰር አለበት፤ በግጭት ጊዜ ተነቅሎ ወደ ተሳፋሪው የሚወረወር ከባድ ዕቃ ነው። ስለ ጆሮም አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። በስልክ የሚለካው የድምፅ መጠን ብዙ ጊዜ የሚሰላው 40 ኸርዝን ወደ 35 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጎ በሚቆጥር ስሌት ስለሆነ፣ የሚታየው ቁጥር ከእውነተኛው ግፊት በብዙ ያንሳል። መንኳኳቱ ከጠፋ በኋላ ድምፁ ንጹሕ ስለሚሆን እጅ ወደ መጨመሪያው መሄዱ አይቀርም፤ ያኔ የሚጎዳው የሰሚው ጆሮ ነው።

ንጣፉን ለመግዛት ላሰበ ሰው የምሰጠው ምክር ግልጽ ነው። ሁለተኛ ሰብዉፈር ወይም የበለጠ ዋት ከመግዛቱ በፊት ይህን ያስቀድም፤ ኃይልን በእጥፍ መጨመር የሚያስገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ የላሜራው ጩኸት መቅረቱ ግን ቀድሞም የነበረውን ቤዝ ገልጦ ያሰማል። ነገር ግን ከመለጠፉ በፊት መኪናው የዝገት ወይም የላሜራ ጥገና የሚያስፈልገው ከሆነ እርሱን ይጨርስ። ቡቲል አንዴ በደንብ ከተጣበቀ የሚነሳው በሙቀት እየለሰለሰና በመፋቂያ እየተፋቀ ነው፤ የሚቀረውም ቅሪት ቀለሙን እንዳይጎዳ አስቀድሞ በተደበቀ ቦታ ላይ ተሞክሮ በአኳራጅ መጠረግ ይኖርበታል።