ከውርጭ በፊት፦ ጉዝጓዝ ወይስ ወደ ቤት ማስገባት?

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ጓሮ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ውርጭ ሳይቀድማቸው ተክሉን ባለበት ትተው በደረቅ ቅጠል ከመጎዝጎዝና በአበባ መትከያ ዕቃ ወደ ቤት ከማስገባት አንዱን ይመርጣሉ። ጎመን በብርድ ስኳር ስለሚያከማች ጣዕሙ ይጨምራልና ማስገባቱ ትርፉ ድካም ነው፤ ጤና አዳምም ውኃ የማይቋጥር አፈር ካገኘ ብርዱን በአብዛኛው ስለሚችል ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጉዝጓዝ ይበቃዋል፤ ሆኖም ቅጠሉ ግንዱን እንዳያበሰብሰው ጥቂት ራቅ ተደርጎ መነስነስ አለበት። በሶብላ ግን በአንድ ሌሊት ውርጭ ጠቁሮ ስለሚያድር ውጭ አይተውም። ቤት ቢገባም ብርሃን እያነሰው በመስኮት ሥር ስለሚመነምን፣ በእኔ አስተያየት ዘሩን ለቅሞ የአበባውን ዛላ ለበርበሬና ለሽሮ ማድረቁ ይበልጣል። የጥብስ ቅጠል የሚባለው ሮዝመሪ ሁለቱም ያስቸግሩታል፤ ቀዝቀዝ ያለና ብርሃን የሚገባበት ክፍል ካለ ግን ማስገባቱ ይሻላል።