በድሬ ሙቀትና በደንገጎ ዳገት 11 ወር የነዳሁባቸው ጎማዎች

አራቱንም ጎማ በአንድ ቀን ቀየርኩ። ነሐሴ 2016 ነበር። መኪናዬ ቪትዝ ናት፤ ልኩ 165/70 አር 14። ጎማው አዲስ፣ ረከስ ያለ የውጭ ምርት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ከታች እንደምታዩት ከጥፋቱ ግማሹ የእሱ አይደለም። ዋጋውንም አልጽፍም። ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ መጨመሩ አይቀርም።

በሳምንት ሁለት ቀን ለሥራ ሐረር እወጣለሁ። ሌላውን ቀን ድሬ ውስጥ ነኝ፤ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ቀፊራ። በ11 ወር 14,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄጃለሁ። መንገዱን ለማታውቁት፦ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከከተማ ወጣ ስትሉ ደንገጎ ይጀምራል። እየተጠማዘዛችሁ ደጋው ላይ ትወጣላችሁ፤ ከዚያ አዴሌ፣ ሐረማያ፣ አወዳይ፣ ሐረር። ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ግን ሲነሱ በላብ፣ ሲደርሱ በሹራብ ነው።

የመጀመሪያው ወር ሰላም ነበር። በሁለተኛው ወር ሐረማያን አልፌ 80 ላይ ስደርስ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። 60 ላይ ይተዋል፣ 80 ላይ ይመለሳል። ጎማውን ረገምኩት። የሸጠልኝንም ጨምሬ ረገምኩ።

ጎሚስታዬ ግን መኪናዋን በክሪክ አነሳና የፊቱን ግራ ጎማ በእጁ አሽከረከረው። ካቻቪቴውን ቸርኬው (ጎማው የሚገባበት ብረት) ጠርዝ አጠገብ ያዘ። ቸርኬው ካቻቪቴውን አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይሸሻል።

«አቦ፣ ጎማው ምን አደረገህ? ቸርኬህን እየው!»

የታጠፈ ቸርኬ ላይ ነው አዲስ ጎማ ያስገባሁት። የብረት ቸርኬ ስለሆነ በመዶሻ ተቃና። አሎይ ቢሆን ኖሮ ሊሰነጠቅ ይችል ነበር። ባላንስም፣ ማለትም የጎማውን ክብደት ማመጣጠን፣ አላሠራሁም ነበር፤ ጎማውን የገዛሁበት ቦታ ማሽን የላቸውም፣ እኔም ቸኩያለሁ። ሌላ ቦታ ሄጄ ማመጣጠኛ እርሳስ ተለጠፈበትና መንቀጥቀጡ በዚያው ቀረ። ለማንኛውም፣ የሚንቀጠቀጠው መሪው ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ ፊት ነው። ወንበራችሁ ከሆነ የኋላውን እዩ።

አምስተኛው ወር ላይ ደግሞ የፊቶቹ ጎማዎች ከውስጥ በኩል ሲበሉ አየሁ። ቆሞ ለሚያይ ጎማው አዲስ ነው። በርከክ ብላችሁ እጃችሁን ወደ ውስጥ ስትልኩ ነው ጉዱ የሚገኘው። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫ መዛነፍ፣ ነበር። ይህም የጎማው ጥፋት አይደለም። አሠራሁት፤ የተበላው ግን አይመለስም።

አሁን ወደ ንፋስ ልምጣ። እዚህ ከተማ ሁሉም የሚያምንበት ነገር አለ፤ ሙቀት ስለሆነ ጎማ ጠበቅ ተደርጎ አይሞላም፣ ይፈነዳል። ጎሚስታዬም ቢሆን ዝም ካልኩት 27 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ላይ ያቆመዋል። የሹፌሩን በር ስከፍት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን 32 ይላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ደግሞ ይታጠፋል። ቀጭን ሽቦ ለመስበር ደጋግማችሁ ስታጥፉት እንዴት እንደሚግል ታውቃላችሁ። ጎማም እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ የድሬ አስፋልት ሲጨመርበት አስቡት።

ግንቦት ላይ የራሴን ጌጅ፣ የንፋስ መለኪያ፣ ገዛሁና ለካሁ። ጠዋት 12 ሰዓት፣ መኪናዋ ሳትነቃነቅ፣ 32። ከቀኑ 9 ሰዓት ከሐረር ወርጄ እንደቆምኩ፣ 37። አየሩ ራሱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 2 ይጨምራል፤ የጉዞው ሙቀት አለ፣ ቁልቁለቱን ስወርድ የፍሬኑ ግለት በቸርኬው በኩል ይመጣል። (በከባድ ማርሽ ብወርድ ፍሬኑም ይረፍ ነበር። ይህንንም ዘግይቼ ነው የለመድኩት።) 37ን ያየ ሰው ደንግጦ አምስቱን ያስተነፍሳል። በማግስቱ ጠዋት ጎማው 27 ሆኖ ይጠብቀዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው 32 ለቀዝቃዛ ጎማ የተጻፈ ነው፤ ሲሞቅ መጨመሩ ታስቦበታል። ከግንቦት ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት እለካለሁ። መኪናዋም ቀለል ብላ ትሄዳለች።

ምስማር አንዴ ብቻ ነው የወጋኝ። ከ8 ሰዓት በኋላ ሆነብኝ። ድሬ ውስጥ በዚያ ሰዓት ጎማ አይተንፍስባችሁ፤ ጎሚስታው በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው። ስኮርታውን (ተጠባባቂውን ጎማ) ላውጣ ብል ንፋስ የለውም፤ ለስንት ወር ከማንጎ ከረጢት ሥር ተኝቷል። በኋላ የተገኘው ልጅ «ከመነዳሪ ላስገባበት፣ ትገላገላለህ» አለኝ። ከመነዳሪ ማለት ጎማ ውስጥ የሚገባው ንፋስ የሚሞላ ላስቲክ ነው። እምቢ አልኩ። ጎማው ቱብለስ ነው፤ ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ። ከመነዳሪ ሲገባበት ከውስጥ እየተፋተገ ይግላል። ቱብለስ ምስማር ሲወጋው ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው፤ ከመነዳሪው ግን አንዴ ከተቀደደ ወዲያው ባዶ ነው። ደንገጎ ላይ ይህ እንዲሆንብኝ አልፈልግም። ቀዳዳው መርገጫው ላይ ስለነበር በክር ተደፈነ፤ እስካሁን አላስቸገረኝም። ጎኑ ላይ ቢሆን ኖሮ ጎማው ይጣል ነበር።

እስካሁን ለጎማው ስሟገት ቆየሁ። አሁን የራሱን ጥፋት ልናገር።

እርጥብ መንገድ ላይ አይይዝም። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ጥሎ ደንገጎን እየወረድኩ ነበር። ፍጥነቴ 40 ቢሆን ነው። ከፊቴ ጫት የጫነ መኪና ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝኩ፤ ጎማው እንደ ሳሙና ሸርተት አለና ለጥቂት ተረፍኩ። ጎማው ገና ጥርስ ነበረው፤ በማስመሪያ ስለካው 5 ሚሊ ሜትር። ማለቂያ ተብሎ ጎማው ውስጥ ምልክት የሚደረግበት 1.6 ነው። ታዲያ ለምን? ቤት ስደርስ ጎኑን አነበብኩ። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ 3820 ይላል። በፈረንጅ 2020 በ38ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በእኛ መስከረም 2013። «አዲስ» ብዬ ስገዛው አራት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። የት መጋዘን ውስጥ ሲጠበስ እንደከረመ እንጃ። ሲጀመር ጠንካራ ላስቲክ ነው፤ በዚያ ላይ ደርቋል። ቶሎ ያላለቀውም ለዚሁ ይመስለኛል።

የመጨረሻው እባጭ ነው። ሰኔ ላይ በምሽት አወዳይ ሳልደርስ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። በማግስቱ የፊቱ ግራ ጎማ ጎን ላይ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል አብጦ አገኘሁት። ውስጡ ያለው ክር ሲበጠስ ንፋሱ ላስቲኩን ገፍቶ ያወጣዋል። አይጠገንም። ሻጩ ጋ ወሰድኩት። «ወንድሜ፣ ጉድጓድ መትተህ እኔ ምን ላድርግህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ለአራት ዓመቱ ግን መልስ አልነበረውም። «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሸጠው» ብሎ ዞረ።

ያበጠውንና ጓደኛውን፣ ያንን ከውስጥ የተበላውን፣ አውጥቼ ሻል ያለ ጎማ ሁለት ገዛሁ። በዚህኛው ከገንዘቡ በፊት ቁጥሩን አነበብኩ፤ ሻጩ ባትሪ እስኪያበራልኝ ድረስ። ጎሚስታዬ አዲሶቹን ፊት ሊያስር ነበር፤ «ጎታቹ ፊት ነው» ይላል። እኔ ኋላ አሳሰርኩ። የጎማ ሠሪዎች ምክርም ይኸው ነው። ፊት ሲንሸራተት ነዳጁን ለቅቃችሁ መሪውን ትይዛላችሁ፤ ኋላ ሲንሸራተት ግን መኪናዋ ራሷ ትዞራለች።

የቀሩት ሁለቱ አሮጌዎች አሁን ፊት ናቸው። ለከተማ ይበቃሉ፤ ሳቢያንና ከዚራ መካከል ማንም 80 አይነዳም። እኔ ግን ሐረርም ስለምወጣ፣ ክረምቱ ሳይከብድ እነሱንም ልቀይር ብር እያጠራቀምኩ ነው። እስከዚያ ዝናብ ከጣለ በሚኒባስ ነው የምወጣው። ጌጁ ክሩስኮት ውስጥ ነው። ጎሚስታዬ ባየው ቁጥር ይስቃል፤ ባለፈው ሳምንት ግን የደንበኛ መኪና ሊለካበት ተውሶኝ እስካሁን አልመለሰም።