በስልክ የሚሰጠውን ፊዚዮቴራፒ ሦስት ወር ሞከርኩት (ከኮምቦልቻ)

በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የጡት ካንሰር ኦፕራሲዮኑን አዲስ አበባ ነው የተሰራሁት፣ የብብቴንም ንፍፊቶች አብረው አወጧቸው፣ ኬሞ ጨርሼ ቤቴ ስገባ ቀኝ እጄ ከትከሻ በላይ አልሄድም አለ። ሻሼን እንኳን ልጄ ናት የምታስርልኝ የነበረው። ለፊዚዮቴራፒ ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ማን ይመላለሳል ወላሂ።

በቴሌግራም ቪዲዮ ነው፣ በሳምንት ሁለቴ፣ በቴሌብር ትከፍያለሽ፣ ዋጋው የአንድ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት አይሞላም። ፊዚዮቴራፒውን የምትሰጠኝ ልጅ ጎበዝ ናት። ግድግዳ ፊት አቆመችኝና ጣቶችሽን እንደ ሸረሪት ወደላይ አስኪጂ፣ የደረስሽበት ላይ በከሰል ጭረት አድርጊ አለችኝ። የመጀመሪያው ጭረት አገጬ ጋ ነው፣ አሁን መብራት ማብሪያውን አልፎ ከካላንደሩ በላይ ሄዷል፣ ባለቤቴ ግድግዳውን ቀለም ልቀባ ቢል እምቢ ብዬዋለሁ።

ሌላው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ሁለቱንም ክንድሽን እኩል ቦታ ላይ ለክተሽ ልዩነቱ 2 ሴንቲ ከደረሰ ንገሪኝ አለች፣ ንፍፊት ሲወጣ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና እጅ ያብጣል፣ ሊምፊዲማ ይሉታል። ለኢድ ያን ሁሉ ልብስ ካጠብኩ በኋላ 2 ተኩል መጣ፣ እሷ እኮ በካሜራ አይታ ደህና ነው ብላኝ ነበር! ስልክ አይዳስስማ። ብቻ ቁጥሩን ስነግራት ሳታንገራግር ደሴ ወዳለ ሰው ላከችኝ፣ የሀረጎን ዳገት ወጥቼ እዛ ለክተውኝ እብጠቱን የሚይዘውን ጠበቅ ያለ እጅጌ ገዛሁ። እጅሽ ከቀላ፣ ካተኮሰና ትኩሳት ከመጣ ግን ቪዲዮ ምናምን ሳትይ ቀጥታ ሀኪም ቤት ሂጂ ብላኛለች፣ ኢንፌክሽን ነው።

የሚላኩት የተቀረጹ ቪዲዮዎች ግን ዳታ ከመብላት ውጪ ምንም አልጠቀሙኝም፣ ኳስና ላስቲክ ይዘው ጂም ውስጥ ነው የሚሰሩት፣ እኔ ጋ ያለው መጥረጊያ እንጨት ነው (በሱም ይሰራል፣ በሁለት እጅ ይዞ ከፍ ማድረግ)። ይባስ ብሎ ሦስተኛው ወር ላይ ሳይነግሩኝ ሰው ቀየሩብኝ፣ ወንድ። ትከሻሽን ግለጪና ልየው ይለኛል፣ እኔ ዝም ስል "አብሽሪ፣ ሀኪም ነኝ" ይላል ኪኪኪ። ሀኪምነቱን መች ጠላሁ፣ ቀድመው ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? እሱም ፋይሌን ስላላየው ከመጀመሪያው ነው የጀመረው።

የማክሰኞ ማታው የሴቶች ቮይስ ቻት ግን ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። ካሜራ የለም፣ ስም መናገር የለም። ጡት መያዣ ውስጥ ጥጥ ብቻ ስከት እየቀለለ ወደ ላይ ይወጣብኝ ነበር፣ አንዷ ናት በጨርቅ ሰፍተሽ ትንሽ ሩዝ ጨምሪበት፣ ክብደት ይሰጠዋል ያለችኝ፣ ይሄን ያን ሁሉ ጊዜ ለህክምና ስመላለስ አንድም ሰው አልነገረኝም።

ሴቷን እንዲመልሱልኝ ጽፌላቸዋለሁ፣ ከመለሷት የአራተኛውን ወር እከፍላለሁ።